ስለ ዓባይ የተባለው፦ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አቋሞች ከጄኔቭ እስከ ጉባ

ከደሴ ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው መካነ ሰላምን አልፎ ጥቂት እንደሄደ የቦረና ደጋ በድንገት ያልቅበትና የዓባይ በረሃ ከእግሩ ሥር ይከፈትለታል። ማዶ የሚታየው ጎጃም ነው። በዚህ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል የሚዘንበው ዝናብ በበሽሎ፣ በወለቃና በየሸጡ ስም በሌላቸው ጅረቶች እየተሰበሰበ ወደ ዓባይ ይገባል። ክረምት ሲከርም ውሃው ብቻውን አይሄድም፤ ከተዳፋቱ ማሳ ላይ ያጠበውን ቀይ አፈርም ይዞ ይወርዳል።

በሽሎና ወለቃ በዲፕሎማሲ ሰነዶች ውስጥ ስማቸው ሲነሳ አይሰማም። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለ ዓባይ መግለጫ ባወጣ ቁጥር፣ ካይሮም መልስ በሰጠች ቁጥር፣ በተዘዋዋሪ መንገድ የሚወራው ስለነሱ ነው። ነገሩ እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ሚኒስቴሩ ባለፉት አንድ መቶ ዓመታት በአደባባይ የተናገረውን በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መግለጫ እንዴት ይነበባል?

አንድ መንግሥት አቋሙን የሚያሳውቅባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ክብደታቸውም እኩል አይደለም። የቃል አቀባዩ ሳምንታዊ መግለጫ በአብዛኛው ለጋዜጠኛ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ነገ ሊስተካከል ይችላል። ሚኒስቴሩ በጽሑፍ የሚያወጣው የአቋም መግለጫ ከዚያ ይከብዳል፤ እያንዳንዱ ቃል ተመክሮበት የወጣ ነውና። ለሌላ አገር ኤምባሲ የሚላክ የጽሑፍ ማስታወሻ ወይም በሚኒስትሩ ፊርማ ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የሚገባ ደብዳቤ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተፈልጎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። በዓለም አቀፍ ሕግ «በጊዜው አልተቃወምክም» መባል ራሱን የቻለ ኪሳራ ስለሆነ፣ ምንም ውጤት የማያመጣ የሚመስል ተቃውሞ እንኳ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

የቃላቱም ደረጃ አላቸው። «ያሳስበናል» ከ«እንቃወማለን» ይለሰልሳል። «አንቀበለውም» ማለት በሕግ አንገደድበትም ማለት ነው። «አዝነናል» የሚለው ቃል ለወዳጅ አገር ሲነገር ከሚሰማው በላይ ይጎመዝዛል። አምባሳደር ጠርቶ ማብራሪያ መጠየቅ ከወረቀት አንድ ደረጃ ከፍ ያለ እርምጃ ነው። ይህን ይዞ መግለጫዎቹን ያነበበ ሰው ከጩኸቱ ይልቅ የቃላቱን ምርጫ ይመለከታል።

የመጀመሪያው የአደባባይ ተቃውሞ

የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተቋቋመው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙበት በ1900 ዓ.ም. ነው። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የዓባይ ጉዳይ ግን ከሚኒስቴሩ በዕድሜ ይበልጣል። አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የድንበር ስምምነት ሦስተኛ አንቀጽ ላይ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ቃል ገብተዋል።

ግብፅ እስከ ዛሬ የምትጠቅሰው ይህንን አንቀጽ ነው። የኢትዮጵያ መልስ ደግሞ «ማቆም» ከሚለው ቃል ላይ ይነሳል። ወንዝን ከዳር እስከ ዳር ደፍኖ ፍሰቱን ማቆም አንድ ነገር ነው፣ ከውሃው መጠቀም ሌላ ነገር ነው፣ የተከለከለው የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚል ክርክር ነው። ከዚህም ሌላ ውሉን የተዋዋለችው እንግሊዝ በ1938 ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን በማወቋ በውሉ መሠረት የመጠየቅ መብቷን በራሷ እጅ አጥፍታለች የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ሁለተኛው ክርክር ጠንካራ ነው። የመጀመሪያው ግን ይበልጥ ጠቃሚ ይመስለናል፤ ውሉ ጸንቷል ቢባል እንኳ ኃይል አመንጭቶ ውሃውን የሚለቅ ግድብ ፍሰትን አያቆምምና።

ወደ አደባባይ የወጣው የመጀመሪያው ተቃውሞ የመጣው በ1926 ነው። ታሪኩ በሰፊው ሊነገር ሲገባው ተረስቷል። በታኅሣሥ 1925 እንግሊዝና ጣሊያን በደብዳቤ ተለዋውጠው ተስማሙ። እንግሊዝ በጣና ሐይቅ ላይ ግድብ ለመሥራት ፈቃድ ስትጠይቅ ጣሊያን ትደግፋታለች፤ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በኩል የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ስትጠይቅ እንግሊዝ ትደግፋታለች። ባለቤቷ ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። ስምምነቱ ካለቀ በኋላ በሰኔ 1926 እንዲያው እንድታውቀው ተነገራት።

አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ለሁለቱ መንግሥታት ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በዚያም አላቆሙም። ኢትዮጵያ ከሦስት ዓመት በፊት በ1923 አባል ወደሆነችበት ወደ ጄኔቩ የመንግሥታት ማኅበር ደብዳቤ ልከው ማኅበሩ ለአባላቱ ሁሉ እንዲያሳውቅላቸው አደረጉ። አባል የሆኑ ሁለት ኃያላን መንግሥታት በሌላ አባል አገር ላይ በምስጢር ሲስማሙ የማኅበሩ ደንብ ምን ይላል የሚል ጥያቄ ነበር ያቀረቡት። እንግሊዝና ጣሊያን ተሸማቀው ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ እንደሌላቸው ለመግለጽ ተገደዱ። በተከታዩ ዓመት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለው የኒውዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ መነጋገር ጀመሩ። ግድቡ አልተሠራም። ሆኖም ኢትዮጵያ በውሃው ላይ የራሷን ተዋዋይ የመምረጥ መብት እንዳላት በተግባር አሳይታለች።

ያልተጠራችበት ክፍፍል

በ1929 እንግሊዝ በምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ስም ለግብፅ በጻፈችው ደብዳቤ ካይሮ በላይኛው ተፋሰስ በሚሠሩ ሥራዎች ላይ የመቃወም መብት አገኘች። በኅዳር 1959 ደግሞ ግብፅና ሱዳን ሁለት ሆነው ወንዙን ተከፋፈሉት። በዓመት 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ከሚገመተው ውሃ 55.5 ቢሊዮኑ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮኑ ለሱዳን ተመደበ። ቀሪው 10 ቢሊዮን በትነት የሚባክን ተብሎ ተያዘ። ለትነት የተመደበ ድርሻ ነበረ፤ ከውሃው 86 በመቶ ያህሉን ለምታመነጨው ኢትዮጵያ ግን አንድም ሊትር አልተመደበም።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ዝም አላለችም። ክፍፍሉ ከመፈረሙ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩበት በመስከረም 1957፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ካይሮ ለሚገኙ የውጭ ኤምባሲዎች ማስታወሻ አሰራጭቶ ነበር። ፍሬ ነገሩ ኢትዮጵያ በግዛቷ የሚነሳውን ውሃ ለሕዝቧ ጥቅም የማዋል መብቷ የተጠበቀ ነው፤ ሌሎች አገሮች የቱንም ያህል ቢጠቀሙ ወይም ቢከፋፈሉ ይህ መብት አይነካም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ርዕዮተ ዓለማቸው ቢለያይም ስለ ዓባይ ሲናገሩ ከዚህ ማስታወሻ የራቀ ነገር አላሉም። ንጉሠ ነገሥቱ ያሉትን ደርግ በ1977 ማር ዴል ፕላታ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የውሃ ጉባኤ ደገመው። ኢሕአዴግም ደገመው። ከእሱ በኋላ የመጣውም መንግሥት እንዲሁ። በአገራችን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የማይለወጥ ነገር ጥቂት ነውና ይህ ሊመዘገብ ይገባዋል።

ከቃሉ ጎን ለጎን ሥራም ነበረ። የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ከ1958 እስከ 1964 የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ በዋናው ወንዝ ላይ ለኃይል ማመንጫ የሚሆኑ አራት ቦታዎችን ጠቆመ፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና «ድንበር» የተባለውን። የመጨረሻው ዛሬ የህዳሴው ግድብ ከቆመበት ከጉባ አካባቢ ነው። የቀሩት ከመካነ ሰላም በታች በዚያው ሸለቆ ውስጥ እስከ አሁን በወረቀት ላይ አሉ።

በ1990ዎቹ የተጻፉት ሁለት ሰነዶች

በሐምሌ 1993 የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት መለስ ዜናዊና ሆስኒ ሙባረክ ካይሮ ላይ የትብብር ማዕቀፍ ፈረሙ። በሰነዱ አምስተኛ አንቀጽ ሁለቱ ወገኖች በናይል ውሃ ላይ አንዱ ሌላውን ጉልህ በሆነ ሁኔታ ከሚጎዳ ሥራ ለመታቀብ ተስማሙ። በጊዜው ትችት ደርሶበታል፤ «ጉዳት» የሚለው ቃል ገብቶ «ፍትሐዊ ድርሻ» የሚለው በግልጽ አልገባምና።

ከአራት ዓመት በኋላ ሚዛኑን የሚመልስ ደብዳቤ ተጻፈ። ግብፅ በጥር 1997 የናይልን ውሃ ወደ ምዕራባዊ በረሃ የሚወስደውን የቶሽካ ፕሮጀክት ስትጀምር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥዩም መስፍን በመጋቢት ወር ለግብፁ አቻቸው የተቃውሞ ደብዳቤ ላኩ። ኢትዮጵያ ድርሻዋ በእንዲህ ያለ «ሠርቶ በማስለመድ» እንዲነካባት እንደማትፈቅድ በመዝገብ እንዲያዝላት ጠየቁ። ይህንን ደብዳቤ ሰፊው ሕዝብ አያውቀውም። በእኛ አስተያየት ግን ከብዙ የቴሌቪዥን መግለጫዎች ይበልጣል። ግብፅ ለዓመታት «የታችኛው አገር የላይኛውን ሊጎዳ አይችልም» ስትል ኖራለች። ደብዳቤው የሚለው ተቃራኒውን ነው። የታችኛው አገር አዲስ በረሃ አልምቶ «ይህ ነባር አጠቃቀሜ ነው» ሲል የላይኛውን የወደፊት ድርሻ ይወስዳል ነው።

በዚያው ዓመት በግንቦት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ዓለም አቀፍ የውሃ አካላት ስምምነት ድምፅ ሲሰጥ 103 አገሮች ደገፉ፣ ሦስት ተቃወሙ፣ 27 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያም ግብፅም ከተአቅቦዎቹ መካከል ነበሩ። «ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም» እና «ጉልህ ጉዳት አለማድረስ» የሚሉት፣ ዛሬ ከሚኒስቴሩ መግለጫ የማይጠፉት ሁለት ሐረጎች፣ በዚህ ስምምነት አምስተኛና ሰባተኛ አንቀጽ የሰፈሩ ናቸው። አዲስ አበባ ያልደገፈችውን ሰነድ ቃላት ትጠቀማለች የሚሉ አሉ። ነገሩ እንደሚመስለው እርስ በርሱ የሚጋጭ አይደለም። መርሖቹ በልማድ ሕግነት ከስምምነቱ ውጭም የሚሠሩ ናቸው። ኢትዮጵያን ያላስደሰታት ስምምነቱ አዲስ ሥራ ስለማሳወቅ የደነገገው ሥርዓት በላይኛው አገር ላይ የሚያበዛው ሸክም ነበር።

አንዲት ሐረግ፦ አንቀጽ 14(ለ)

የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ በየካቲት 1999 ዳሬ ሰላም ላይ ተመሠረተ፤ መቀመጫው ኢንቴቤ ሆነ። ከአሥር ዓመት ድርድር በኋላ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነቱ በግንቦት 2010 ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ ቀረበና ኢትዮጵያ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛንያና ኡጋንዳ በመጀመሪያው ቀን ፈረሙ። ኬንያ በዚያው ሳምንት፣ ቡሩንዲ በየካቲት 2011 ተከተሉ።

ግብፅና ሱዳን ያልፈረሙት በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንቀጽ 14(ለ) ላይ ሌሎቹ አገሮች የተስማሙበት ቃል የማንኛውንም አገር የውሃ ዋስትና ጉልህ በሆነ ሁኔታ አለመንካት የሚል ነው። ሁለቱ አገሮች በምትኩ የውሃ ዋስትናን፣ አሁን ያለውን አጠቃቀምና መብትን አለመንካት ይባልልን አሉ። «አሁን ያለ አጠቃቀም» ማለት በሌላ አነጋገር የ1959 ክፍፍል ነው። ሐረጓን መቀበል ያልተጠራንበትን ድግስ ዕዳ መክፈል ይሆን ነበር። የኢትዮጵያ ተደራዳሪዎች ይህን አላለፉትም።

ከመሠረት ድንጋይ እስከ ካርቱም

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የግድቡ መሠረት ድንጋይ ጉባ ላይ ሲቀመጥ ሚኒስቴሩ የሚናገረው ስለ መብት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ስለ ኮንክሪት ሆነ። የገንዘቡም ምንጭ የራሱ ዲፕሎማሲያዊ ትርጉም ነበረው። የዓለም ባንክ በድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ላይ ለሚሠራ ሥራ የሌሎቹ አገሮች እንዲያውቁት የሚያዝ ደንብ አለው፤ ተቃውሞ ባለበት ደግሞ ብድር ይንቀራፈፋል። ግድቡ በአገር ውስጥ ቦንድ፣ በመንግሥት በጀትና በሕዝብ መዋጮ የተሠራው በአርበኝነት ስሜት ብቻ አልነበረም። ሌላው በር ተዘግቶ ነበር።

ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ወንዙ አቅጣጫ ሲቀየር ካይሮ ተንቀጠቀጠች። ከቀናት በኋላ ፕሬዚዳንት መሐመድ ሙርሲ ከፖለቲከኞች ጋር የተቀመጡበት ስብሰባ በቀጥታ እየተላለፈ መሆኑን ያላወቁ ተሳታፊዎች ግድቡን ስለማበላሸትና አማፂዎችን ስለመርዳት ሲመክሩ ዓለም ሰማቸው። ሚኒስቴሩ የግብፅን አምባሳደር ጠርቶ ማብራሪያ ጠየቀ። ፓርላማውም በዚያው ሰኔ የትብብር ማዕቀፉን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። በዚያው ወር ቴዎድሮስ አድኃኖም የግብፁን አቻቸውን አዲስ አበባ ላይ ተቀብለው ንግግር እንዲቀጥል ተስማሙ። ዛቻውን በድምፅ ሳይሆን ለዓመታት ዘግይቶ በነበረ ሕግ መመለሱ ከሚኒስቴሩ ጥሩ ሥራዎች አንዱ ነው።

መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ አብዱልፈታህ አልሲሲና ኦማር አልበሽር አሥር ነጥቦች ያሉትን የመርሆዎች መግለጫ ፈረሙ። ግብፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድቡ መኖሩን በፊርማዋ አወቀች፤ ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀምም ከመርሆዎቹ አንዱ ሆነ። በአምስተኛው መርሕ ግን የመጀመሪያው ሙሌት ደንብ «ከግንባታው ጎን ለጎን» ስምምነት ይደረስበታል ተባለ። አዲስ አበባ ይህን ስታነብ ሙሌቱ የግንባታው አካል ነው፣ ድርድሩም ግንባታውም አብረው ይሄዳሉ አለች። ካይሮ ስታነበው ያለ ስምምነት ሙሌት የለም ሆነ። ቀጥሎ የመጣው የስድስት ዓመት ክርክር ከዚህች ሐረግ ነው የተወለደው። ሰነዱን ያረቀቁት ሰዎች ይህን አላዩትም ማለት ይከብዳል። ምናልባትም ያለዚያ አሻሚነት ፊርማ አይገኝም ነበር።

ዋሽንግተን፣ ኒውዮርክ፣ ኪንሻሳ

በኅዳር 2019 አሜሪካና የዓለም ባንክ «ታዛቢ» ሆነው ድርድሩን ዋሽንግተን ላይ ጀመሩት። ታዛቢው ቀስ በቀስ አርቃቂ ሆነ። ኢትዮጵያ በየካቲት 2020 መጨረሻ በተጠራው ዙር ሳትገኝ ቀረች። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ያለ ስምምነት የመጨረሻ ሙከራና ሙሌት መደረግ የለበትም ሲል መግለጫ አወጣ። በማግሥቱ የውጭ ጉዳይና የውሃ ሚኒስቴሮች በጋራ በሰጡት መልስ በመግለጫው ማዘናቸውን ገልጸው ኢትዮጵያ የግድቡ ባለቤት እንደመሆኗ ሙሌቱን ከግንባታው ጎን ለጎን እንደምትጀምር አስታወቁ። «አዝነናል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ምን ያህል እንደከበደ ልብ ይሏል። መልሱ ትክክል ነበር። ዘግይቷል ግን፤ ታዛቢነቱ ወደ አደራዳሪነት ሲለወጥ ከዚያ በፊት በጽሑፍ መገታት ነበረበት።

በመጋቢት የዓረብ ሊግ ግብፅን የሚደግፍ ውሳኔ ሲያሳልፍ ሚኒስቴሩ ውሳኔውን አልቀበልም አለ፤ ከውሳኔው ራሷን ያገለለችውን ሱዳንን ግን አመሰገነ። በግንቦት ግብፅ ለጸጥታው ምክር ቤት ስትጽፍ ሚኒስትሩ ገዱ አንዳርጋቸው በደብዳቤ መለሱ። ምክር ቤቱ ጉዳዩን በሰኔ 2020 ሰማ። ድርድሩ ወደ አፍሪካ ኅብረት ተዛወረ፤ በሐምሌም የመጀመሪያው ሙሌት ተከናወነ። በጥቅምት ዶናልድ ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል ሲናገሩ አቶ ገዱ የአሜሪካውን አምባሳደር ጠርተው ማብራሪያ ጠየቁ። የአንድ ኃያል አገር መሪ ሰላማዊ ግንባታ እንዲመታ የሚያበረታታ ቃል በአደባባይ ሲናገር አምባሳደሩን አለመጥራት አይቻልም ነበር።

በ2021 ሱዳን አቋሟን ቀየረች። በአልፋሽቃ ድንበር የተነሳው ግጭት የግድቡን ድርድርም አብሮ አበላሸው። ካርቱምና ካይሮ አሜሪካ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ከአፍሪካ ኅብረት ጋር ያደራድሩን አሉ። አዲስ አበባ እምቢ አለች። በሚያዝያ ኪንሻሳ ላይ የተደረገው ስብሰባ ያለ ውጤት ተበተነ። በሐምሌ ምክር ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰበሰበ። በመስከረም በቱኒዚያ አቅራቢነት የፕሬዚዳንታዊ መግለጫ አወጣ፤ ሦስቱ አገሮች በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር ወደ ድርድር እንዲመለሱ የሚያበረታታ ነበር። ይዘቱ ለኢትዮጵያ ክፉ አልነበረም። ሆኖም ሚኒስቴሩ ምክር ቤቱ ከሥልጣኑ ውጭ በሆነ የውሃና የልማት ጉዳይ ላይ መናገሩን ነቀፈ፤ በመግለጫው ላይ ተመሥርቶ የሚነሳ የትኛውንም ጥያቄ እንደማይቀበል አስታወቀ። የማይጎዳ ሰነድ እንኳ ልማድ እንዳይሆን አስቀድሞ መዝጋት ማለት ይህ ነው።

ያልተፈታው ጥያቄ

በጋዜጦች ላይ ክርክሩ የሙሌት ክርክር ሆኖ ሲዘገብ ኖሯል። ሙሌቱ ግን አልቋል። የመጨረሻው ዋና ሙሌት በመስከረም 2023 ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ዐቢይ አሕመድና አልሲሲ በአራት ወር ውስጥ ለመስማማት የጀመሩት ድርድርም በታኅሣሥ ያለ ውጤት ተቋረጠ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዘው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ግብፅ በዚያው ዕለት ለጸጥታው ምክር ቤት ሌላ ደብዳቤ ጻፈች።

ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? የቀሩት በድርቅ ዓመታት ምን ያህል ውሃ ይለቀቃል የሚለው፣ አለመግባባት በአስገዳጅ ዳኝነት ይፈታል ወይስ በመሪዎች ንግግር የሚለው፣ እንዲሁም በጣም ከባዱ፣ ከግድቡ በላይ ወደፊት የሚሠሩ ሥራዎች ጉዳይ ናቸው። ካይሮ ስለ አንድ ግድብ ሥራ የሚደረገው ስምምነት የውሃ መጠንን ለዘለቄታው የሚያረጋግጥ እንዲሆን ትፈልጋለች። ሚኒስቴሩ ደግሞ የግድብ አሠራር ስምምነት በጓሮ በር የውሃ ክፍፍል ውል መሆን የለበትም ይላል።

በሽሎና ወለቃ ወደ ጨዋታው የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። የህዳሴው ግድብ ኃይል አመንጭቶ ውሃውን ይለቃል። መስኖ ግን ውሃ ይበላል። የቦረና ወይም የሳይንት ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያመርት በአንድ ገባር ላይ መካከለኛ የመስኖ ግድብ ቢሠራ፣ ከጉባ የሚለቀቀው መጠን በውል የታሰረ ከሆነ፣ የቦረናው ግድብ የውል ጥሰት ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። «ከግድቡ በላይ የሚሠሩ የወደፊት ሥራዎች» የምትለዋ ደረቅ ሐረግ ትርጉሟ ይህ ነው። የሚኒስቴሩ ባለሙያዎች በዚህ ነጥብ ላይ ግትር ተብለው ሲነቀፉ ሰምተናል። በሌሎች ጉዳዮች ላይ ነቀፋ ይገባቸው ይሆናል፤ በዚህ ላይ ግን ግትርነታቸው ተገቢ ነው።

የሚነቀፍም አላቸው። ሚኒስቴሩ ለውጭው ዓለም ሲናገር የላይኛውን ተፋሰስ ሕዝብ ድህነትና ጨለማ ይጠቅሳል፤ ስለ አፈሩ ግን እምብዛም አይናገርም። ከወሎና ከጎጃም ተዳፋት የሚወርደው ደለል የጉባን ሐይቅ ዕድሜ የሚያሳጥር፣ ቀደም ሲልም የሱዳኑን የሮሰሪስ ግድብ የሞላ ነገር ነው። ደጋው ላይ የሚሠራው እርከንና የሚተከለው ዛፍ ለታችኞቹ አገሮችም ጥቅም መሆኑ በድርድር ጠረጴዛ ላይ እንደ ኢትዮጵያ መዋጮ ሊቆጠር ይችል ነበር።

ከውሃው ወደ ባሕሩ

ከ2024 ወዲህ የሚኒስቴሩ የአደባባይ ቃል ከዓባይ ወደ ቀይ ባሕር እየሰፋ መጥቷል። በጥር 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሞቃዲሾን አስቆጣ። በነሐሴ ግብፅና ሶማሊያ ወታደራዊ ስምምነት አደረጉ። ሚኒስቴሩ በወሩ መጨረሻ ባወጣው መግለጫ ሌሎች ቀጣናውን ለማተራመስ እርምጃ ሲወስዱ ኢትዮጵያ እጇን አጣጥፋ አትመለከትም አለ። ግብፅን በስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። በታኅሣሥ በቱርክ አደራዳሪነት የወጣው የአንካራ መግለጫ ውጥረቱን አረገበው። የሁለቱ ጉዳዮች መገናኘት ግን ለዓባይ ዲፕሎማሲ ጥሩ አይመስለንም። በውሃው ላይ ኢትዮጵያ ከሕጉ ጎን ቆማ ትከራከራለች፤ በባሕር በሩ ላይ ክርክሯ በአብዛኛው በፍላጎትና በታሪክ ላይ የቆመ ነው። አንዱ የሌላውን ክብደት እንዳይቀንስ መጠንቀቅ ያሻል።

በመካከሉ ብዙ ያልተወራለት ነገር ተፈጽሟል። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2024 የትብብር ማዕቀፉን ስላጸደቀች ስድስት አገሮች ሞሉ፤ ስምምነቱም ጥቅምት 13 ቀን 2024 በሥራ ላይ ዋለ። ግብፅና ሱዳን አልፈረሙም። አንቀጽ 14(ለ) እንደተንጠለጠለ ነው። ሰነዱ በአባሪነት አስቀምጦታል፤ የናይል ተፋሰስ ኮሚሽን በተቋቋመ በስድስት ወር ውስጥ እንዲፈታውም ይደነግጋል።